ስለ እህቴ ስምንት ቁጥርና ሃያ አምስት ዲግሪ ስለሚደብቀው ምድጃ

ለተከበሩ የምርምር ተጽዕኖ መለኪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒውተሮችም ደህና ውለው ደህና እንዲያድሩ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ትልቁ ስክሪን መብራት ሳይጠፋበት ስምን ከቁጥር እያጋባ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ከልቤ እመኛለሁ። እኛም ቤተሰቡ በሙሉ ከአንዲት ቁጥር መጉደል በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ያውቁኛል፤ እርስዎ ግን ሥራ ስለሚበዛብዎ ላያውቁኝ ይችላሉ። በየሳምንቱ ስለ ሠርግ፣ ስለ አማትና ምራት፣ የጎረቤት አጥር ስንት ስንዝር ወደኛ እንደገባ የምጽፍ ሴት ነኝ፤ ሳይንስ ከየት አውቄ! ነገር ግን ታላቅ እህቴ እርስዎ በሚለኩት የምርምር ተቋም ውስጥ እህል ሳይሻግት እንዴት እንደሚቀመጥ ስታጠና ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ተመራማሪ ናት፤ በመጪው ዓርብ ደግሞ የቤተ ሙከራዋን ቁልፍ እንድታስረክብ በእርስዎ ፊርማ ታዛለች። እሷ እንዳትጽፍልዎ ጊዜ የላትም፤ እስከ ዓርብ ድረስ ማሽላ ትመዝናለች። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤቱ ወሬ አቀባይ የሆንኩት እኔ የቤተሰቡን ምስጋና በአደባባይ ላደርስ ተነሣሁ። ቁጥር የሌለው ነገር በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ሰዎች ስለ ነገሩኝም ምስጋናዬን ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እህቴ የአንድ ሰው ሥራ ዋጋው ለምን እንደ ጠቀመ ሲታይ የሚታወቅ ይመስላት ነበር፤ የተሳሳተች መሆኗን የገለጹላት እርስዎ ነዎት። በመመሪያዎ መሠረት ተመራማሪ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ሌላ ተመራማሪ ያን ጽሑፍ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ሲያነሣው አንድ ጥቅስ ይባላል። እያንዳንዳቸው ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ ስምንት ጽሑፎች ያሉት ሰው «ስምንት» ነው። ከስምንት በታች የሆነ ሰው የቤተ ሙከራ ክፍል አይኖረውም። እህቴ ልክ ስምንት ነበረች፤ አንዲት ዘለላ ትርፍ አልነበራትም።

ይህን ለእናታችን ለማስረዳት አንድ ሙሉ እሑድ ፈጅቶብናል። እናታችን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን እንደ ቀድሞው ነው። «ስምንት ነሽ አሉ? ከስንት?» አለች። ከስንት የሚባል ነገር እንደሌለው፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ማለቂያ እንደሌለው ስንነግራት «እንግዲያ ማለቂያ በሌለው ነገር አነስሽ የሚሉሽ በምን ለክተው ነው?» ብላ ወደ ልቃቂቷ ተመለሰች። የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ጣለ «እኔ የሰፋሁትን ሱሪ ሰው ለብሶት ሲሄድ ነው እንጂ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ስሜን ሲያነሣ ቆጥሬ አላውቅም» አለ። ሁለቱም ያልተማሩ ስለሆኑ ይቅርታ እንዲያደርጉላቸው እለምናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ስክሪኑ እናመሰግናለን። ከመሰቀሉ በፊት በግቢው ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ ስለማይታወቅ ሰዎች እርስ በርስ በስም ይጠራሩ ነበር። ዛሬ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ሰላምታውን እንደየደረጃው ነው የሚያድለው፤ ለአንደኛው ከወንበሩ ይነሣል፣ ለአሥረኛው ግማሽ ይነሣል፣ ለእህቴ ደግሞ በዓይኑ ሰላም ይላታል። ልጁን ሊድር ያሰበ አንድ አባት ከስክሪኑ ሥር ቆሞ የወደፊት አማቹን ቁጥር በማስታወሻ ደብተር ሲገለብጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየው፣ ከዚያም ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። ሠርጉ እስካሁን አልተጠራም።

እግረ መንገዴን፣ ሐሜት አይሁንብኝና፣ በመመገቢያ አዳራሹ መስኮት ሥር ሁልጊዜ አብረው የሚቀመጡትን አራት ተመራማሪዎችም ማድነቄ አልቀረም። አንዱ ስለ ዓሣ ያጠናል፤ ሁለተኛው ስለ መንገድ አስፋልት፤ ሦስተኛው ስለ ዓይን ሕመም፤ አራተኛው ምን እንደሚያጠና እስካሁን አልደረስኩበትም። ዓሣው አስፋልቱን ይጠቅሳል፣ አስፋልቱ ዓይኑን ይጠቅሳል፣ ዓይኑ ሁሉንም ይጠቅሳል። አራቱም ከአምስተኛ ደረጃ ወርደው አያውቁም። ጓደኝነት በጠፋበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ መተሳሰብ ስላበረታቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እህቴ አንድ ጽሑፍ አሳትማ ነበር። በቆሎ ምን ያህል ደርቆ መጋዘን ቢገባ እንደማይሻግት የሚናገር ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ በአንድ ሠንጠረዥ የተጠቃለለ ነው፤ እርጥበቱ እስከ አሥራ አራት ተኩል በመቶ ከሆነ አትፍሩ፣ አስገቡ ይላል። ይህ ጽሑፍ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ከስምንቱ ሁሉ ስመ ጥሩ እሱ ነበር፤ ባልደረቦቿ በእሱ ነው የሚያውቋት። ሠንጠረዡ ለብቻው በአንድ ገጽ ታትሞ በአርባ አንድ የእህል መጋዘኖች በር ላይ በሙጫ ተለጥፏል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት በመመሪያዎ መሠረት ጥቅስ ስላልሆነ እሱ ዜሮ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከእነዚህ መጋዘኖች የአንዱ ኃላፊ ለእህቴ ስልክ ደወለች። ከወገቧ የማይለይ የቁልፍ ዘለላ ስላላት እትዬ ቁልፍ ነው የሚሏት። እትዬ ቁልፍ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በቆሎው ውስጥ ትከትና መሀሉ ሞቆ ታገኘዋለች፤ ሊሻግት የተነሣ እህል ደግሞ መጀመሪያ ከውስጥ ነው የሚሞቀው። «ልጄ፣ ወረቀትሽ ደረቅ ነው ይላል፤ እጄ ደግሞ እርጥብ ነው ይላል። ማናችንን ልመን?» አለቻት።

ክቡር ሆይ፣ እህቴ በዚህ ጊዜ ማድረግ የነበረባት ምን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። «የመጋዘንሽ ጣሪያ ያፈስ ይሆናል» ብሎ ስልክ መዝጋት ነበር። እሷ ግን በአውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። በቆሎውን በመጋዘኑ መለኪያ ለካች፤ አሥራ አራት በመቶ፣ ልክ ሠንጠረዡ እንደፈቀደው። በቆሎው ግን ሻግቷል። መቶ ሃያ ኩንታል ተጣለ፤ እትዬ ቁልፍ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ጆንያ ስትሸኝ እህቴ አጠገቧ ቆማ ነበር። ስትመለስ ደብተሮቿን መረመረች፤ ደህና ናቸው። ሚዛኗን መረመረች፤ ልክ ነው። የቀረው ማድረቂያው ምድጃ ነበር።

ያልተማርን ሰዎች ስለ ምድጃው እንዲህ ነው የተረዳነው። እህሉ ይመዘናል፣ በመቶ አምስት ዲግሪ ሙቀት ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ከክብደቱ የጎደለው ውሃ ነበር ማለት ነው። እህቴ ከግቢው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት የሙቀት መለኪያ ተውሳ ምድጃው ውስጥ አስገባች። የምድጃው መደወያ መቶ አምስት ይላል፤ የዳቦ ጋጋሪው መለኪያ መቶ ሠላሳ ይላል። ምድጃው ለካ ከዓመት ዓመት ሃያ አምስት ዲግሪ እየደበቀ ከውሃው አልፎ እህሉን ራሱን ሲያቃጥል ኖሯል፤ እሷ ደግሞ የጎደለውን ሁሉ ውሃ ብላ ጽፋዋለች። አሥራ አራት ተኩል ያለችው በእውነቱ አሥራ ሦስት ነበር። መለኪያውን ስትመልስ ዳቦ ጋጋሪው ነገሩን ሰምቶ «እኔ ዘንድ ምድጃ ሲዋሽ በማግስቱ ዳቦው ያሳብቅበታል። እናንተ ዘንድ ማነው የሚያሳብቀው?» ብሎ ጠየቃት። እህቴ ሁለት ዳቦ ገዝታ ወጣች።

አራተኛውን ምስጋና ለእናታችን፣ ለልብስ ሰፊውና ለአንዲት ጎረቤታችን አንብቤላቸው ማናቸውም መልሰው ስላላነሡት በመመሪያዎ መንፈስ ሰርዤዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን። እህቴ ስህተቷን ገልጻ ማረሚያ አሳተመች። ማረሚያው አራት ጊዜ ተጠቀሰ፤ የተሳሳተው ጽሑፍ ግን እንደ ልማዱ መጠቀሱን ቀጠለ፤ ሰው የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ለጠቀሷት ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ጻፈች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ። ሠላሳ ሰባት ሰዎች መለሱላት፤ አንዱ አልቅሶ ነው የጻፈው መሰለኝ፣ እሱም መጋዘን ነበረው። በመጨረሻ ጽሑፉ ጨርሶ ከመጽሔቱ እንዲነሣላት ልትጠይቅ ስትል ጽሕፈት ቤትዎ አስጠራት።

የተቀበሏት የእርስዎ ምክትል በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት። «ዶክተር፣ ይህን ካነሡት ሰባት ይሆናሉ፤ ሰባት ደግሞ ክፍል የለውም። ማረሚያውን ጽፈዋል፣ ሕሊናዎ ንጹሕ ነው፣ ቁጥርዎም ሙሉ ነው። ለምን ራስዎን ይጎዳሉ?» አሏት። እህቴ «መጋዘኖቹስ?» ብላ ጠየቀች። ምክትልዎ ሰው ናቸውና ደንግጠው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ፤ ወደ ላይ ወደ ታች አሉ፤ ከዚያም በእውነተኛ ኀዘን «መጋዘን የሚባል አምድ የለንም» አሏት።

ጽሑፏን አነሣችው። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ «ዛሬ ሰባት ሆንኩ» ስትለን እናታችን «ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርሽ እንዴ፣ ልጄ?» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን፤ እህቴ ከሁላችን በላይ ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ፊቷን በመሀረብ ይዛ ቆየች። ባሏ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ ራሴ የምለው ያጣሁባት ያቺ ራት የመጀመሪያዬ ናት፤ ለዚህም ባለውለታችን ነዎት።

የተነሣው ጽሑፍ ከተነሣ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ተጠቅሷል። ከዘጠኙ ሁለቱ ጠቃሾች ከመስኮቱ ሥር ናቸው። ጽሑፉ የለም፤ ጥቅሱ ግን ይዘንባል። ጠቃሾቹ ጽሑፉን ምን ያህል በጥሞና እንዳነበቡት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፤ ስለ ዓርብ እናመሰግናለን። በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ እስካሁን ስቀልድ የነበረው እዚህ ለመድረስ ነው። ያ ምድጃ ያደረቀው በቆሎ ብቻ አይደለም። በአርባ አንዱ በሮች ላይ ከበቆሎው በታች የማሽላና የባቄላ ሠንጠረዦችም ተለጥፈዋል፤ ሁለቱም ከዚያው ምድጃ የወጡ ናቸው። የበቆሎው ታርሞ አሥራ ሦስት ተብሎ በአዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ እትዬ ቁልፍም ዘንድሮ ደውላ «እጄን ከተትኩ፣ አልሞቀም» ብላለች። ይህች ስልክ በየትኛው አምድ እንደምትገባ ምክትልዎን ጠይቄ ላስጨንቃቸው አልፈልግም። የማሽላውና የባቄላው ግን ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እህቴ እንደገና እየለካች ነው፤ ለመጨረስ አራት ወር ያስፈልጋታል። የሰጧት እስከ ዓርብ ነው። የተሳሳተ ሆኖ ካገኘችው እነዚያንም ጽሑፎች እንደምታነሣቸው ነግራናለች። ያኔ አምስት ትሆናለች። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት ራሷን ወደ ታች ለመቁጠር አራት ወር ብቻ ነው የምትለምንዎ፤ እንዲህ ያለ ልመና ለጽሕፈት ቤትዎ በየቀኑ ይቀርባል ብዬ አላስብም።

ክፍሉን የጠየቁት ለማስፋፊያ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ስክሪንም እንደሚሰቀልበት ሰምተናል። እንዳይሰቀል ብንለምንዎ አንሰማም እንደሚሉን ስለምናውቅ ትንሽ ነገር ብቻ እንለምንዎ። ምድጃው ከንብረት ዝርዝሩ ላይ ስላለ ዓርብ ከክፍሉ ጋር ይረከቡታል። በሩ ላይ እህቴ በእጅ ጽሑፏ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ «ይህ ምድጃ ሃያ አምስት ዲግሪ ይደብቃል። መደወያውን ብቻ አትመኑ፤ በሌላ መለኪያ አረጋግጡ» ይላል። እባክዎ እሱን አይቅደዱት። ይልቅ ሠራተኛ ያስገልብጡና ቅጂውን ከስክሪንዎ ሥር ይለጥፉት። ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚደብቅ አናውቅምና የዲግሪውን ቦታ ባዶ ይተዉት። ዳቦ ጋጋሪው መለኪያውን ለማዋስ ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።

ከፍ ባለው ወንበርዎ ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ዝቅ ብለው ለማየት እንኳ አንገትዎን ሳያምዎት፣ ቁጥርዎ ሳይጎድል፣ ስክሪንዎ ሳይጨልም፣ የመስኮቱ ሥር ወዳጆችዎም በእርስ በርስ ፍቅራቸው ጸንተው ብዙ ዘመን እንዲኖሩ በመመኘት፣ እጅ ነሥቼ ለመሰናበት የፈቀዱልኝ አድርጌ በመቁጠር፣

የአክብሮት ታዛዥዎ፣
የሰባቷ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፤ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። እህቴ ደብዳቤ ከጻፈችላቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት። ወደ ኃላፊነት ከመምጣትዎ በፊት ስለ እህል ክምችት የጻፉትና እስካሁን ከጽሑፎችዎ ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው ሥራዎ ሙሉ ስሌቱ በእህቴ አሥራ አራት ተኩል ላይ የቆመ ነው፤ በአንድ ገጽ ብቻ ሰባት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ እኔም ቁጥር ለምጄ። ለደብዳቤዋ መልስ እስካሁን አልደረሳትም፤ በሥራ ብዛት እንደሆነ ይገባናል። ጽሑፍን የማንሻው ቅጽ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እህቴ መንገዱን ስለምታውቀው ስምዎንና የጽሑፉን ርእስ ሞልታ ፊርማውን ብቻ ትታልዎታለች። ዓርብ ከክፍሉ ቁልፍ ጋር ምድጃው ላይ ያገኙታል። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ስለሆኑ አይሥጉ፤ ቢያነሡት አሥራ ስምንት ነው የሚሆኑት፤ ክፍልዎን የሚወስድብዎ የለም።